ቋረኛውን ዳግም ያነገሡ ብዕሮች

በኅዳር 1856 ዓ.ም. ጎንደር ላይ አንድ መጽሐፍ ችሎት ቀረበ። መጽሐፉ ሎንደን ከታተመ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። ደራሲው ሄንሪ ስተርን ቤተ እስራኤልን ወደ ፕሮቴስታንት እምነት ለማምጣት የተላከ ሚሲዮናዊ ነበር። ከሳሹም ፈራጁም ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ስተርን ቀድሞም ቂም ተይዞበታል፤ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ሁለት አገልጋዮቹ ፊቱ ላይ ተደብድበው ሲሞቱ በድንጋጤ ጣቱን ቢነክስ፣ «ሊበቀል መዛቱ ነው» ተብሎ እሱም ሞት አፋፍ እስኪደርስ ተገርፏል። አሁን ግን የተያዘበት ነገር በቀለም የተጻፈ ነው። ያን መጽሐፍ ገልጠው ያነበቡ ሰዎች የንጉሠ ነገሥቱ እናት በችግሯ ዘመን ኮሶ ትሸጥ ነበር የሚል ቃል አገኙበት። ስተርን ከዚያ በኋላ እስከ መቅደላው ፍጻሜ ድረስ እፎይ ያለበት ጊዜ ትንሽ ነው።

የኮሶውን ነገር ስተርን አልፈጠረውም። ቴዎድሮስ ገና ካሳ ኃይሉ የሚባል ሽፍታ ሳለ ጀምሮ ጠላቶቹ የሚወረውሩበት ስድብ ነበር። ደጃዝማች ወንድይራድ የተባለው የእቴጌ መነን ሹም «ያንን የኮሶ ሻጭ ልጅ አስሬ አመጣላችኋለሁ» ብሎ ፎክሮ ዘመተ፤ ተሸንፎም ተማረከ። ያን ዕለት ካሳ ኮሶ አስበጥብጦ አቀረበለት ይባላል። እናቴ ገበያ ውላ ያልተሸጠላት ተርፏልና እባክህ አግዛት እያለ ደጋግሞ አስጠጣው። ኮሶ ጠጥቶ የሚያውቅ ሰው የቅጣቱን መራራነት ለመረዳት ተጨማሪ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በሳቅ የተበቀለው ያው ሰው፣ ከነገሠ በኋላ ግን ያንኑ ወሬ በፈረንጅ መጽሐፍ ታትሞ ሲያገኘው ሳቁ ጠፋ። ፉከራ ከሜዳ አያልፍም፣ ሰሚው ሲሞት አብሮ ይሞታል፤ መጽሐፍ ግን ይቆያል። ቴዎድሮስ ይህን ልዩነት ከብዙ ዘመነኞቹ ቀድሞ ገብቶታል ብዬ አምናለሁ።

ለዚህ ማስረጃው ራሱ የጻፈው ነው። ከስተርን ችሎት አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በጥቅምት 1855 ዓ.ም.፣ ለንግሥት ቪክቶሪያ በላከው ደብዳቤ ፈጣሪ ከትቢያ አንሥቶ ኃይል እንደሰጠው በገዛ አንደበቱ ተናግሯል። ትቢያው እግዚአብሔር ያነሣው ሲሆን ክብር ነው፤ ሚሲዮናዊ ሲያወራው ደግሞ ውርደት። ድሃ ተወልዶ የነገሠ ሰው ታሪኩን ማን ይንገርለት የሚለው ጥያቄ፣ ይህ ምዕራፍ የሚከተለው ክር ነው። ቴዎድሮስ የራሱ አፈ ታሪክ የመጀመሪያ ደራሲ ነበር። የካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ በአቡነ ሰላማ እጅ ሲቀባ ካሳ የሚለውን ስም ትቶ የመረጠው ስም በዘፈቀደ የተገኘ አልነበረም። ፍካሬ ኢየሱስ የተባለው የትንቢት መጽሐፍ ከመከራና ከዓመፅ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ተነሥቶ ሰላምና ጥጋብ እንደሚያመጣ ይናገራል፤ በዘመነ መሳፍንት የደከመው ሕዝብም ያንን ስም ያውቀዋል። ስለዚህ የቋራው ሽፍታ ዘውድ የጫነው ቀድሞ ተጽፎ በተቀመጠ ታሪክ ውስጥ ገብቶ ነው።

የራስን ታሪክ መጀመር ይቻላል፤ መጨረስ ግን የሌላ ሰው ሥራ ነው። የቴዎድሮስን የጨረሱለት በርካታ ብዕሮች ናቸው፤ ከሁሉ የሚገርመኝም ካሞገሱት ይልቅ የጠሉት የዋሉለት ውለታ መብለጡ ነው።

ከቤተ መንግሥቱ እንጀምር። ከቴዎድሮስ በፊት የነገሥታት ዜና መዋዕል የሚጻፈው በግእዝ ነበር። የእሱ ዜና መዋዕሎች ግን በአማርኛ ተጻፉ። ደብዳቤዎቹም በአማርኛ ነበሩ፤ ማለትም ኋላ የሚያነግሡት ደራሲዎች የሚጠቀሙበትን ቋንቋ ወደ አደባባይ ያወጣው አንዱ እሱ ራሱ ነው። ከታወቁት ሦስት ዜና መዋዕሎች የመጀመሪያው የደብተራ ዘነብ ነው። ዘነብ የንጉሡ ወዳጅ፣ የተሐድሶ ስሜትም የነበረው ጸሐፊ ሲሆን፣ በሥራው የምናየው ቴዎድሮስ በእግዚአብሔር የተመረጠ፣ ፍርድ የሚወድ፣ ለድሃ የሚያዝን ንጉሥ ነው። ግን የዘነብ ትረካ ወደ 1852 ዓ.ም. ገደማ ላይ ያቆማል። ጎንደር ሳትቃጠል፣ መቅደላም የመጨረሻ ምሽግ ሳትሆን። የውዳሴው ጸሐፊ ታሪኩ ከመክበዱ በፊት ብዕሩን አስቀመጠ።

ሁለተኛው አለቃ ወልደ ማርያም ነው፤ የጻፈው ንጉሡ ከሞተ በኋላ ነው፣ ልቡም ከአቡነ ሰላማ ጋር ነው። አቡኑ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ መቅደላ ላይ በእስር እንዳሉ መሞታቸውን ስናስብ የወልደ ማርያም ብዕር ለምን እንደመረረ አይገርመንም። የተቃጠለ አገር፣ የተቆረጠ እጅና እግር፣ የተዘረፈ ቤተ ክርስቲያን በዝርዝር ይቆጥራል። ሆኖም የቴዎድሮስ ወዳጆች ዛሬ እንደ ሠንደቅ የሚያውለበልቡት ቴዎድሮስ፣ ከቀሳውስቱ ጋር ስለ መሬት የተሟገተው፣ ለአንድ ደብር ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል የተረፈው መሬት ለገበሬ ይሁን ያለው ቴዎድሮስ፣ ከተቺዎቹ መዝገብ ውስጥ ባይጻፍ ኖሮ ይህን ያህል አናውቀውም ነበር። ቄሱ ክፋቱን ሊያስረዳ የጻፈውን፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የመጣ አንባቢ እንደ መሬት ላራሹ አዋጅ አነበበው።

የውጭ አገር እስረኞቹም እንዲሁ ናቸው። ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ ከእስር በተፈታበት ዓመት፣ መልእክተኛው ሆርሙዝድ ራሳም በቀጣዩ ዓመት፣ ስተርንም ራሱ እንደገና፣ ሁሉም የምርኮ ታሪካቸውን አሳተሙ። አንባቢያቸው የለንደን ሰው ነው፤ ዓላማቸውም እነሱን ለማስፈታት ለምን ያ ሁሉ ገንዘብና ጦር እንደተላከ ማስረዳት ነበር። ስለዚህ አረመኔ ንጉሥ ያስፈልጋቸው ነበር፤ ሳሉትም። ነገር ግን ዓይናቸው ያየውን መደበቅ አልቻሉም። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን ለቅቆ፣ ጋፋት ላይ ያሠራውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ በሰው ጉልበት እያስጎተተ ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመረ። መድፉ 7 ቶን ገደማ ይመዝናል። መንገድ የለም፤ ገደል ይቆረጣል፣ ድንጋይ ይፈነቀላል። ሠራዊቱ በየሌሊቱ እየከዳ ይመናመናል። የአውሮፓውያኑ ጽሑፎች እንደሚሉት ንጉሠ ነገሥቱ ከጠዋት ጀምሮ በገዛ እጁ ድንጋይ ይለቅም፣ መንገድ ይጠርግ ነበር። ጉዞው ወደ ስድስት ወር ፈጀ። ለአንድ ጸሐፌ ተውኔት ከዚህ የበለጠ ስጦታ ከየት ይመጣል? መድፉ ጦርነቱን አልለወጠም። ይልቅ ኋላ ምስያው አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ተሰቀለ፤ አላፊ አግዳሚው የሚያስታውሰው መጎተቱንና መሠራቱን እንጂ መተኮሱን አይደለም።

ከዚያ ሞቱ መጣ። በስቅለት ዕለት አሮጌ ሜዳ ላይ የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጠመንጃ የቴዎድሮስን ጦር አጨደው። በማግሥቱ ቴዎድሮስ ለናፒየር አንድ ደብዳቤ አጻፈ፤ ወገኖቼ የካዱኝ ግብር ስለጠየቅኋቸውና በወታደር ሥርዓት ላስገባቸው ስለሞከርሁ ነው እያለ የሚያማርር፣ ልመናና ኩራት የተቀላቀለበት ደብዳቤ። በዚያው ቀን ራሱን ሊገድል ሲል ባለሟሎቹ ሽጉጡን አስጣሉት። በፋሲካ ማግሥት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ እንግሊዞች የመቅደላን በር ሰብረው ሲገቡ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በተላከለት ሽጉጥ ራሱን ገደለ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ለዚህ ሰው አፈ ታሪክ ይህች ደቂቃ የማዕዘን ድንጋይ ናትና። በቤተ ክርስቲያን ሕግ ራስን መግደል ፍትሐት የሚያስከለክል ኃጢአት ነው። በጦር ሕግም ሲታይ ሽንፈት ነው። በእነዚህ ሁለት ሚዛኖች ቢመዘን ቴዎድሮስ በታሪክ ውስጥ የሚያሳፍር ስም ሆኖ በቀረ። ያን ፍርድ የገለበጠው የተማረ ጸሐፊ አልነበረም፤ አልቃሽና አዝማሪ ነበር። መቅደላ ላይ ስለሞተው ወንድ የተገጠሙት ግጥሞች በየቤቱ የሚታወቁ ስለሆኑ እዚህ አልደግማቸውም። ያደረጉት ነገር ግን ግልጽ ነው፤ ሞቱን ከነፍስ ጉዳይ አውጥተው የወንድነት ጉዳይ አደረጉት። ጠላት የቆመው ሬሳ ላይ ነው፣ እጁን ግን አልያዘውም። ገጣሚዎቹ ስለ ንጉሡ አስተዳደር ምንም አላሉም፤ የሚከላከሉለትም የመጨረሻዎቹን ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው። እነዚያ ደቂቃዎች ግን የቀሩትን 13 ዓመታት ዋጡ።

ከዚህ በኋላ ያለው ግማሽ ምዕተ ዓመት ለቴዎድሮስ የዝምታ ዘመን ነበር ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። የነገሡት ሌሎች ናቸው፤ ብዕርም ወደ ነገሠው ያደላል። በ1901 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ዳግማዊ ምኒልክ» ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። አፈወርቅ በአማርኛ ልብ ወለድ የጀመረ፣ ሥዕልም ቋንቋም የሚያውቅ ባለ ተሰጥኦ ነው፤ መጽሐፉም ሲነበብ ይጥማል። ሆኖም የምኒልክ ገናናነት ከአድዋ የመጣ እንጂ ከአፈወርቅ ብዕር የመጣ አይደለም። ያው ብዕር በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለወራሪው አድሮ «አፈ ቄሳር» የሚል ማዕረግ ማግኘቱን ስናውቅ ደግሞ ውዳሴው ለምን ሥር እንዳልሰደደ አንድ ምክንያት እናገኛለን። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመንም ሐምሌ 16 እና ጥቅምት 23 በመጡ ቁጥር ጋዜጣው በውዳሴ ግጥም ይጥለቀለቅ ነበር። ያን ሁሉ ግጥም ዛሬ ማን ያነበዋል? በሕይወት ያለን ገዥ ማወደስ ደመወዝ ያስገኝ ይሆናል፤ አፈ ታሪክ ግን ሲያስገኝ አላየሁም። አፈ ታሪክ የሚፈልገው ሞቶ መልስ መስጠት የማይችል፣ ሥራውም ሳያልቅ የቀረ ሰው ነው።

ያ ሰው በ1942 ዓ.ም. ወደ መድረክ ወጣ። የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ታሪካዊ ድራማ «ቴዎድሮስ» የታተመው በዚያ ዓመት ነው። አገሪቱ ከአምስት ዓመት የጣሊያን ወረራ ገና መውጣቷ ነበር፤ እጄን አልሰጥም ብሎ የሞተ ንጉሥ ለዚያ ትውልድ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያቅትም። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን የደራሲው የትውልድ መስመር ነው። አባቱ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የመጀመሪያውን ዘመናዊ የኢትዮጵያ ተውኔት ጽፈዋል፤ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እሳቸው ናቸው። ያ ሕገ መንግሥት ዘውዱ ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ዘር እንዳይወጣ በጽሑፍ ያጸና ነው። አባት ዘውዱን በዘር አጠረ፤ ልጅ ደግሞ ዘውዱን በጉልበቱ የነጠቀውን ሰው ጀግና አድርጎ ለተመልካች አቀረበ። ቴዎድሮስ በነገሠ ጊዜ እሱም የሰሎሞን ዘር ነኝ ማለቱ እውነት ነው፤ ግን ይህን የትውልድ ሐረግ ያመነለት ጥቂት ነው፣ ደራሲዎቹም ብዙ አልተጨነቁበትም።

እዚህ ላይ የሳንሱር ጉዳይ ይነሣል። በዚያ ዘመን ንጉሥን በቀጥታ መተቸት አይታሰብም፤ ንጉሥን ማመስገን ግን ማን ይከለክላል? ቴዎድሮስ ንጉሠ ነገሥት ነው፣ የአንድነት አባት ነው፣ ለአገር ሞቷል። የመንግሥት ሳንሱር እንዲህ ያለውን መጽሐፍ «አይታተም» ለማለት ምክንያት ይቸግረዋል። አንባቢው ግን መስመሮቹ መሐል የተቀመጠውን ሌላውን መጽሐፍ ያነባል፤ በዘሩ ሳይሆን በሥራው የነገሠ፣ መኳንንቱን የጠላ፣ የቤተ ክህነቱን መሬት የነካ፣ ባዕድ ቢመጣ የማይሰደድ ንጉሥ። የመጨረሻዋን ሐረግ በ1928 ዓ.ም. ከተደረገው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስደት ጋር ያላስተያየ አንባቢ ነበረ ለማለት ይከብዳል።

ከታኅሣሡ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ብዕሩ በረከተ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1950ዎቹ በእንግሊዝኛ የቴዎድሮስን ተውኔት ጻፈ። ብርሃኑ ዘሪሁን በ1958 ዓ.ም. «የቴዎድሮስ እንባ»ን አወጣ። ዕውቁ የስዊድን ታሪክ ጸሐፊ ስቬን ሩበንሰን ስለ ቴዎድሮስ ያዘጋጀውን መጽሐፍ አዲስ አበባ ላይ ያሳተመው በዚያው ዓመት ገደማ ነው፤ ታሪክ ተመራማሪውና ልብ ወለድ ደራሲው በአንድ ከተማ ውስጥ በአንድ ሬሳ ላይ ይሠሩ ነበር ማለት ነው። በ1961 ዓ.ም. አቤ ጉበኛ «አንድ ለእናቱ» ብሎ መጣ። አቤ «አልወለድም» የተባለው ሥራው የታገደበት ደራሲ ስለሆነ ሳንሱርን ከማንም በላይ ያውቀዋል። የመጽሐፉ ርእስ ራሱ ፖለቲካ ነው፤ ስተርንን በሰንሰለት ያሳሰረችው የተናቀች እናት በሽፋኑ ላይ የክብር ቦታ አገኘች። ጠላት የሰደበበት ድህነት በዚያ ትውልድ አንባቢ ዘንድ የንግሥና ማስረጃ ሆነ።

ሌላም የሚታይ ነገር አለ። ብርሃኑ ጎንደር የተወለደ ጋዜጠኛ ነው። አቤ የጎጃም አቸፈር ሰው ነው። ጸጋዬ ከአምቦ አካባቢ ወጣ። በ1966 ዓ.ም. ገደማ በእንግሊዝኛ ስለ ቴዎድሮስ ልብ ወለድ ያሳተመው ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ደግሞ በቸሃ ቋንቋም የጻፈ የጉራጌ ልጅ ነው። ቋረኛ አንድም የለበትም። ቴዎድሮስ የአንድ አውራጃ ጀግና ሆኖ እንዳይቀር ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይህ ይመስለኛል፤ የየአገሩ ልጅ በየራሱ ምክንያት ወሰደው።

እንዴት አድርገው ሠሩት? በተለይ ሁለት ነገር አደረጉ። አንደኛው ልብ ሰጡት። ዜና መዋዕል ንጉሡ የት ሰፈረ፣ ማንን መታ፣ ማንን ሾመ ይላል፤ ሌሊት ብቻውን ሲሆን ምን እንደሚያስብ አይነግረንም። ተውኔትና ልብ ወለድ የሚኖሩት ግን ከዚህ ባዶ ቦታ ነው። ብቻውን የሚናገር፣ የሚጸጸት፣ የሚያለቅስ ቴዎድሮስ የተወለደው እዚያ ነው። ብርሃኑ እንባን ርእስ ሲያደርግ አንባቢው ንጉሡን ከመፍራት ወደ ማዘን እንዲሻገር እጁን መያዙ ነው። ዛሬ በየመድረኩ «ቴዎድሮስ እንዳለው» ተብሎ ሲጠቀስ፣ ቃሉ ከደብዳቤው የመጣ ይሁን ከቴአትር የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው።

ሁለተኛው፣ ጭካኔውን በሐዘን አስረዱት። ሁላችንም ያደግንበት ትረካ እንዲህ ይላል፤ ቴዎድሮስ ደግ ነበር፣ የሚወዳት ባለቤቱ እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ሞተችበት፣ ወዳጆቹ እንግሊዞች ፕላውደንና ቤል ሁለት ዓመት ቆይቶ ተገደሉበት፣ ከዚያ በኋላ አበደ። የሚያምር ትረካ ነው፤ ለመድረክም ይመቻል፣ አንዲት ሴት ስትሞት መብራቱ ይቀየራል። ዘሩም ያለው እንግዲህ በአውሮፓውያኑ መጽሐፎች ውስጥ ነው፤ የሞተባቸውን እንግሊዛዊ የንጉሡ በጎ መንፈስ ማድረግ ለነሱም ይመቻቸው ነበር። ችግሩ የዘመን ቅደም ተከተሉ ነው። የወሎ ምርኮኞች እጅ የተቆረጠው ንጉሡ ዘውድ በጫነ ሰሞን፣ ተዋበች በሕይወት ሳለች ነው። ዶናልድ ክረሚ የተባለው ታሪክ ጸሐፊ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ባወጣው ጥናት የቴዎድሮስ ጭካኔ ከፖለቲካው ሊነጠል እንደማይችል ሊያሳይ ሞክሯል፤ ደመወዝተኛ ሠራዊት ሳይኖር፣ ግብር የሚሰበስብ አስተዳደር ሳይኖር አገር በአንድ ሰው ጉልበት ሲያዝ፣ ጉልበቱ መብዛቱ የማይቀር ነው። ግን ይህ ክርክር በዩኒቨርሲቲ ጓዳ ቀረ። ሐዘኑ ደግሞ በሬዲዮ ተላለፈ።

በእስላምጌ የሆነውን ላንሣ። ከሞቱ አራት ቀን በፊት ነው። ከደብረ ታቦር ጀምሮ ይዟቸው የመጣ አገር በቀል እስረኞች ውኃና እንጀራ አጥተው ይጮሃሉ። ብላንክ እንደጻፈው ንጉሡ የምን ጩኸት ነው ብሎ ይጠይቃል፤ ረኃብ ነው ይሉታል፤ ታማኝ ወታደሮቼ ተርበው ዝም ሲሉ እነዚህ ይጮሃሉ ብሎ ይቆጣና እያስወጣ ገደል ይሰድዳቸዋል። ብዙ ሰው ሞተ። በማግሥቱ አሮጌ ላይ የራሱ ጦር አለቀ፤ ተራኪው ሁሉ ወደዚያ ስለሚሮጥ የገደሉ ሰዎች በሁለት ትልልቅ ትዕይንቶች መሐል ይሰወራሉ። በ1859 ዓ.ም. የተቃጠለችው ጎንደርም እንዲሁ ናት። ዛሬ በዚያችው ከተማ መሐል የቴዎድሮስ ሐውልት ቆሟል። ይህን ስል ሐውልቱ ይነሣ ማለቴ አይደለም። ከተማዋ ከአቃጣዩዋ ጋር የታረቀችው በብዕር በኩል መሆኑን ለማሳየት ነው፤ ብርሃኑ ዘሪሁን የጎንደር ልጅ ባይሆን ኖሮ እርቁ እንዲህ የሚቀል አይመስለኝም።

አፈ ታሪክ ከተሠራ በኋላ ባለቤቱ ደራሲው አይደለም። በደርግ ዘመን የጸጋዬ ቴዎድሮስ በአማርኛ መድረክ ላይ ወጣ፤ መንግሥትም ድሃ ተወልዶ መኳንንትን የቀጣ፣ ለአንድነት በብረት የገዛ መሪ ሲያገኝ አልጠላውም። በ1981 ዓ.ም. የታተመው የተክለ ጻድቅ መኩሪያ ወፍራም መጽሐፍ ርእሱ «ዐፄ ቴዎድሮስና የኢትዮጵያ አንድነት» ነው። ደራሲው ትጉህ ታሪክ ሰብሳቢ ነበሩ፤ በሽፋኑ ላይ የሰፈረው የመጨረሻው ቃል ግን በዚያ ዓመት፣ በሰሜን ጦርነቱ እየከፋ ሳለ፣ ከታሪክ የበለጠ ክብደት ነበረው። ሆኖም ጀግናን ለራሱ የሚያውለው ገዥ የጀግናውን አሟሟትም አብሮ ይሸከማል። ፕሬዚዳንት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ወደ ዚምባብዌ ሲሄዱ የአዲስ አበባ ሰው ሹክሹክታ መቅደላን ሳያነሣ አልቀረም። ንጽጽሩን ያስተማሩት ያው መድረኮች ነበሩ።

መጋቢት 2011 ዓ.ም. ደግሞ በለንደን የሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ከቴዎድሮስ ሬሳ የተቆረጠ ጸጉር ለኢትዮጵያ መለሰ። ጸጉሩን ለሙዚየሙ በእ.ኤ.አ. 1959 የሰጡት፣ ንጉሡን ሞቶ ሳለ የሳለው ሠዓሊ ቤተሰቦች ናቸው። አንድ የሽንፈት ማስታወሻ በሚኒስትር እጅ፣ በክብር ሥነ ሥርዓት ተረከብን። ልጁ ዓለማየሁ ግን አልተመለሰልንም፤ ዐፅሙ ከዊንድሰር ይውጣ ለሚለው ጥያቄ ቤተ መንግሥቱ በ2015 ዓ.ም. የሰጠው መልስ እምቢታ ነበር። ንጉሡ መቅደላ ላይ ከ1,000 በላይ የብራና መጻሕፍት ሰብስቦ ነበር፤ ከእነሱ ወደ 350 የሚሆኑት ዛሬም ለንደን ናቸው። የጸጉሩን ዜና የሰማ ሁሉ ያለቀሰውን ያህል ለብራናዎቹ ያለቀሰ አላየሁም፤ ስለ ጸጉሩ ባለቤት ልብ ወለድ አንብበናል፣ ስለ ብራናዎቹ ግን ማንም ልብ ወለድ አልጻፈልንማ።

በቅርብ ዓመታት የወሎ ልጆች፣ የጎንደር ካህናት የልጅ ልጆች፣ እኛስ የት ነን የሚል ጥያቄ ሲያነሡ እሰማለሁ። አንዳንዱ ቴዎድሮስን ከነአካቴው ሊያፈርሰው ይፈልጋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ጥያቄውን ራሱን እንደ ክህደት ይቆጥረዋል። ሁለቱም ወገን የሚጣላው ከ1942 እስከ 1961 ዓ.ም. ከተጻፈው ሰው ጋር ነው። ከ1860ው ሰው ጋር መነጋገር የሚሻ ደራሲ ግብዓት አያጣም። ወልደ ማርያም አለ፣ ብላንክና ራሳም አሉ፣ የንጉሡ ደብዳቤዎች አሉ፣ ስማቸው የተመዘገበም ያልተመዘገበም የእስላምጌ ሙታን አሉ። እስካሁን ግን ከእነዚያ እስረኞች አንዱን ዋና ገጸ ባሕርይ ያደረገ የአማርኛ ተውኔት መድረክ ላይ አላየሁም።